ለልጄ፦ ስለዚያች ሁለት ደቂቃ

አሌክሳንድሪያ፣ ቨርጂኒያ
ጥር 6 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለምወድሽ ልጄ፣

ከሁሉ አስቀድሜ የናፍቆት ሰላምታዬን አቀርብልሻለሁ። እኔና እናትሽ፣ ከብርዱና ከእርሷ ጉልበት በቀር፣ እግዚአብሔር ይመስገን ደኅና ነን። ባለቤትሽንም ሰላም በዪልን። ይህን በወረቀት ላይ የምጽፈው በስልክ ስንነጋገር አንቺ ቶሎ ስለምትስቂ፣ እኔም ቶሎ ስለምቆጣ ነው፤ ወንድምሽ ፎቶ አንሥቶ ይልክልሻል።

ባለፈው እሑድ ከቤተ ክርስቲያን ስንመለስ ወንድምሽ መሪውን እንደ ያዘ አንድ ነገር አመለጠው። በገና ማግስት ሌሊት ነፋሱ ዞሮ መልህቃችሁ እንደ ተነቀለ፣ ባልሽ ሞተሩን ሲያስነሣ አንቺ በዚያ ጨለማና ዝናብ ያለ ደኅንነት ቀበቶ ወደ ጀልባዋ ፊት ሄደሽ ሰንሰለቱን እንደ ሳብሽ፣ በኋላም «ሁለት ደቂቃ ብቻ ነበር፤ ለአባዬ እንዳትነግረው» እንዳልሽው ሰማን። እናትሽ ማተቧን ያዘች። እኔ እቤት እስክንደርስ ድረስ አንድ ቃል አልወጣኝም። ወንድምሽን አትቆጪው፤ የነገረን ሆን ብሎ አይደለም። አንቺን ግን እቆጣሻለሁ፦ ሌሊት ሳትታሰሪ ወደ ፊት አትሂጂ።

ጉዞውን እየተቃወምሁ እንዳይመስልሽ። ፈረንጅ ክረምት የሚለውን ወቅት፣ በእኛ ቁጥር በጋ የሆነውን ማለቴ ነው፣ በባሃማስ ደሴቶች መካከል በአሮጌ ባለ ሸራ ጀልባ ላይ ልታሳልፉ ነው ስትሉኝ ከእናትሽ ይልቅ ቀድሜ የተስማማሁት እኔ ነኝ። ወሩንም በደንብ መርጣችኋል፤ የዚያ ባሕር የከባድ አውሎ ነፋስ ወቅት ከፈረንጆች ሰኔ መባቻ እስከ ኅዳር መጨረሻ ነው። ነገር ግን እዚህ መስኮታችንን የሚያንቀጠቅጠው ብርድ እዚሁ የሚቀር አይምሰልሽ፤ በፍሎሪዳ በኩል አልፎ እናንተ ዘንድ ይወርዳል። ብርዱ ሲቃረብ ነፋሱ ከደቡብ ምሥራቅ ወደ ደቡብ፣ ከዚያ ወደ ምዕራብ፣ ከዚያ ወደ ሰሜን እየዞረ ይመጣል። እናንተ በጆርጅ ታውን ወደብ ከስቶኪንግ ደሴት ጥግ ስለ ቆማችሁ ደሴቲቱ ከምሥራቅ ነፋስ ትከልላችኋለች፤ ከምዕራብ ሲነፍስ ግን ማዕበሉ የወደቡን ስፋት ሁሉ ተሻግሮ ይመጣባችኋል፤ ከኋላችሁም ያለው የብስ ነው። ስለዚህ እኔ እዚህ በረዶ ጠረግሁ ብዬ ስደውልልሽ አንቺ የአየር ትንበያውን ተመልክተሽ፣ ነፋሱ ሳይዞር በፊት፣ በቀን ብርሃን ቦታ ቀይሩ።

ሰንሰለቱን በግምት አትልቀቁ። ውኃው ሲጎድል ሦስት ሜትር ከሆነ፣ ሲሞላ ወደ አንድ ሜትር ይጨምራል፤ ከውኃው እስከ ጀልባዋ ፊት ያለውን አንድ ሜትር ስትደምሪበት አምስት ይሆናል፤ ለክፉ ነፋስ በሰባት አባዢው፣ 35 ሜትር ነው። በየአምስት ሜትሩ ሰንሰለቱን ቀለም ቀቡት፣ በጨለማ የሚቆጥር ሰው ይሳሳታልና። መልህቁ የባሕር ሣር ላይ ከወደቀ የያዘ መስሎ ይጎተታል፤ ነጭ አሸዋ ፈልጋችሁ ጣሉት፤ ከዚያ አንዳችሁ በመነጽር ጠልቃችሁ ተቀብሮ እንደ ሆነ በዓይናችሁ እዩ። ውኃው እንደ መስተዋት የጠራ ነው ብለሽኝ የለ፤ ታዲያ ማየት ምን ያስቸግራል?

ስለ ምጽዋ ብዙ አውርቼሻለሁ፤ ስለ ባሕር ኃይላችን መርከብ ስለ «ኢትዮጵያ»ም እስኪሰለችሽ ነግሬሻለሁ። ይህን ግን ለእናትሽ እንኳ ሙሉውን አልነገርኋትም።

ጥር 1975 ዓ.ም. ነበር። በምጽዋ ዝናብ የሚጥለው በእነዚሁ ወራት ነውና የዚያን ሌሊት ያካፋ ነበር። ወደ ዳህላክ ደሴቶች በምትመላለስ አነስተኛ የጥበቃ ጀልባ ላይ እኔ በሞተር ክፍል፣ አንድ ባልደረባዬ በላይ ወለል እንሠራ ነበር። የጎጃም ልጅ ነው። ዋናን በዓባይ ተማርሁ እያለ ይኮራብን ነበር፤ እውነትም ከሁላችን የሚበልጥ ዋናተኛ ነበር። (ይህን የምጽፈው አንቺም በዋናሽ እንደምትተማመኚ ስለማውቅ ነው።) ከሌሊቱ ዘጠኝ ሰዓት ገደማ ለጥቂት ጊዜ ንጹሕ አየር ልወስድ ወጥቼ አጠገቡ ተቀመጥሁ። በኋላ በኩል አንድ ገመድ ላልቶ ብረቱን ቋ ቋ ያደርገው ነበርና ሊያጠብቀው ተነሣ። የደኅንነት ቀበቶው እኔ የተቀመጥሁበት ሣጥን ውስጥ ነው። «ተነሣልኝ፣ ቀበቶውን ልውሰድ» አለኝ። ደክሞኝ ነበር፤ መነሣት ሰነፍሁ። «ለሁለት ደቂቃ ምን ያደርግልሃል?» አልሁት። ሳቀ። የሻይ ጣሳውን ከጎኔ አስቀመጠና «እንዳትጠጣብኝ» ብሎ ሄደ።

ጠጣሁበት። ገመዱ መንኳኳቱን ሲያቆም አጠበቀው ብዬ ደስ አለኝ፤ ሻዩን ጨርሼ ጣሳውን ሳስቀምጥ ነው እንዳልተመለሰ ልብ ያልሁት። ተመለስን፣ መብራት አበራን፣ እስኪነጋ እየዞርን ስሙን ጠራን። ማዕበሉ ያን ያህል የከፋ አልነበረም። ለአዛዣችን የሆነውን ስናገር ስለ ሣጥኑ አላነሣሁም። ለእናቱ ደብዳቤውን እንድጽፍ የታዘዝሁትም እኔው ነበርሁ፣ ጽሕፈቴ ያምራል ተብሎ፤ እዚያም አላነሣሁም። ሻይ የማልጠጣው ለጨጓራዬ ብዬ እንደ ሆነ እናንተ ትናገራላችሁ፤ እኔም እንደዚያው ይሁን ብዬ ትቼዋለሁ።

ከዚያ በኋላ ስምንት ዓመት በባሕር ኃይል አገልግያለሁ። በ1983 ዓ.ም. ወደ የመን ስንሸሽ «ኢትዮጵያ»ም ሸሽታ ነበር፤ በመጨረሻ ለቁርጥራጭ ብረት ተሸጠች። ለእርሷ ያዘንሁትን ያህል ለዚያ ልጅ በአፌ አዝኜ አላውቅም፤ ስለ መርከብ ማውራት ይቀላል። ሁለት ደቂቃ ብቻ ነበር ስትዪ ግን ቃሉ የእኔ ነው፤ ከእኔ ሳትሰሚው ከየት እንዳገኘሽው እንጃ። ሳትታሰሪ ወደ ፊት አትሂጂ።

ስምንት ዓመት ሲሞላሽ ኦሽን ሲቲ ወስደንሽ፣ እጄን ይዘሽ ወደ ውኃው ስትጎትቺኝ፣ ጫማዬን ሳላወልቅ አሸዋው ላይ ተቀምጬ መዋሌን ታስታውሻለሽ። እናትሽ ውኃው ቀዝቅዞበት ነው አለችሽ። ዋናውን ከሌላ ሰው ተማርሽ፤ ሸራውን ከባልሽ ተማርሽ። አባትሽ የሚያውቀውን ሊያስተምርሽ ይገባው የነበረው ያን ጊዜ ነበር፤ ዛሬ በሠላሳ ዓመትሽ በደብዳቤ ከሚነዘንዝሽ።

ወደ ሥራው ልመለስ። የቀበቶው ገመድ የሚያያዝበት ጠፍጣፋ ገመድ ከኋላ እስከ ፊት በወለሉ ላይ ተዘርግቶ ይታሰር፤ ከመቀመጫሽ ሳትነሺ መንጠቆውን ታስገቢና ከዚያ በኋላ ትሄጃለሽ። ቀበቶው ከሣጥን ውስጥ አይቀመጥ፤ በመውጫው ደረጃ ላይ ተንጠልጥሎ ይደር። ለሁለታችሁም ሁለት ይሁን፤ ባልሽ በቅጡ የሚታዘዝ ሰው ስለ ሆነ ለእርሱ ብዙ አልጽፍም።

የማብሰያውን ጋዝ ከሲሊንደሩ ካልዘጋሽ አትተኚ፤ ያ ጋዝ ከአየር ስለሚከብድ በጀልባዋ ሆድ ይተኛና አንድ የእሳት ብልጭታ ይጠብቃል። ከኮራል አካባቢ የተያዘ ትልቅ ባራኩዳ አትብሉ፤ ሲጓቴራ የሚባለው መርዝ ቢቀቀልም ቢጠበስም አይጠፋም። በባሕሩ ዳር ማንቺኒል የሚሉት፣ ትንሽ አረንጓዴ ፖም የሚመስል ፍሬ ያለው ዛፍ አለ፤ ፍሬው መርዝ ነው፣ ወተቱ ቆዳ ያቃጥላል፤ ስለዚህ ዝናብ ሲመጣ ከሥሩ አትጠለሉ። በመጨረሻም፣ ለመመለስ ስትነሡ ከፍሎሪዳ ጋር የሚያገናኛችሁን የባሕር ጅረት ሰሜን ነፋስ እየነፈሰ አትሻገሩት፤ ጅረቱ ወደ ሰሜን ነው የሚፈስሰው፣ ሁለቱ ፊት ለፊት ሲጋጠሙ ማዕበሉ እንደ ግድግዳ ቀጥ ብሎ ይቆማል። ቀጠሮ አለን፣ ሥራ እንገባለን ብላችሁ አትቸኩሉ፤ ከተባረርሽም ቤታችን አለ።

እናትሽ በሶና ሽሮ አዘጋጅታለች፤ የአክስትሽ ልጅ በወሩ መጨረሻ ናሶ ድረስ ስለምትሄድ ከእርሷ ተቀበሉ። በርበሬውን በእርጥብ ማንኪያ እንዳትነኪው፣ በመስታወት ዕቃ አጥብቀሽ ክደኚው፣ የባሕር አየር በሳምንት ያሻግተዋል ብላለች። ጥምቀት በመጪው እሑድ ስለሆነ በዕለቱ ትደውያለሽ ብላ ትጠብቃለች፤ ስለ ሻዩ ግን ለእርሷ አታንሺባት፤ ራሴ እነግራታለሁ።

ይህ እንደ ደረሰሽ የሰንሰለቱን ርዝመት በሜትር ጻፊልኝ። ቀበቶውንም ለብሰሽ ፎቶ ተነሺና ላኪልኝ፤ ፎቶው የሌሊት ይሁን፣ መንጠቆውም ከምን ጋር እንደ ተያያዘ በግልጽ ይታይ።

አባትሽ