ከማህፀን ቀዶ ሕክምና በኋላ ድዷን እዩ

ይድረስ ለጋዜጣው ዝግጅት ክፍል፦

ሴት ውሻ ወይም ድመት ማህፀኗ ወጥቶ ቤት ስትገባ ባለቤቶች የሚያዩት የውጩን ስፌት ነው። እኛን ይበልጥ የሚያሳስበን የውስጡ ቋጠሮ ነው። የእንቁላል እጢዋን የደም ሥር ያሰረው ክር ከላላ ደሙ ወደ ሆድ ዕቃ ይፈስሳል፤ ከውጭ ጠብታ እንኳ ላይታይ ይችላል። ስለዚህ በመጀመሪያዎቹ 24 ሰዓታት ከንፈሯን ገለጥ አድርጋችሁ ድዷን ደጋግማችሁ እዩ (ድዷ በተፈጥሮው ጥቁር ከሆነ የዓይኗን ቆብ ውስጠኛ ክፍል)። ድዱ ከነጣ፣ ወይም በጣት ተጭናችሁ ስትለቁት በ2 ሰከንድ ውስጥ ቀለሙ ካልተመለሰ፣ ሌሊትም ቢሆን ወደ ክሊኒክ ውሰዷት።

ስፌቱን እንዳትልስ ወይም እንዳትነክስ አንገቷ ላይ የሚጠለቀው መከላከያ ስፌቱ እስኪወጣ፣ ከ10 እስከ 14 ቀን፣ አይውለቅ። አሳዝናችሁ ለጥቂት ደቂቃ ብታወልቁላት ክሩን በጥርሷ ልትበጥሰው ትችላለች። ለሕመሟም የሰው መድኃኒት አትስጡ፤ ፓራሲታሞል ድመትን ይገድላል።

የእንስሳት ሐኪሞች