በመምህራችን ግድግዳ ላይ ለነበረው ቤተሰብ የአማርኛ መጽሐፍ፦ የድጋፍ ጥሪ

በህንድ አገር የተማራችሁ፣ በህንዳውያን መምህራን እጅ ያደጋችሁ፣ ወይም እንዲሁ ሥዕል የምትወዱ ሁሉ፤

የሒሳብ መምህራችን ህንዳዊ ነበሩ። ደብተር ሰብስበን ቤታቸው ስናደርስ የሳሎናቸው ግድግዳ ላይ የተሰቀለው ሥዕል ዓይናችንን ይይዘው ነበር። አንገቱ ላይ እባብ የተጠመጠመበት ሰማያዊ አባት፣ አጠገቡ ሚስቱ፣ ጭኗ ላይ ደግሞ የዝሆን ራስ ያለው ልጅ። አፋችንን በእጃችን ይዘን እንስቅ ነበር። መምህሩ ግን አንድም ቀን አልተቆጡም፤ «ቤተሰብ ናቸው» ብለው ደብተሩን ይቀበሉናል።

አሁን ይህን ቤተሰብ በአማርኛ የሚያስተዋውቅ፣ በባለቀለም ሥዕሎች የተሞላ ባለ 64 ገጽ መጽሐፍ አዘጋጅተናል። ጽሑፉ አልቋል፤ የቀረው የኅትመቱ ገንዘብ ነው።

ሰማያዊው አባት የሂንዱ ሃይማኖት አምላክ ሺቫ ነው፤ ሚስቱ ፓርቫቲ፣ ባለ ዝሆን ራሱ ጋኔሻ፣ ወንድሙ ደግሞ ስካንዳ ወይም ካርቲኬያ። የየራሳቸው እንስሳ አላቸው፤ አባት በሬ፣ እናት አንበሳ፣ ጋኔሻ አይጥ፣ ካርቲኬያ ጣዎስ። አንበሳ በሬ ይበላል፣ ጣዎስ እባብ ይበላል፣ እባብ አይጥ ይበላል፤ እነዚህ ግን አንድ ግቢ ውስጥ ያድራሉ። ቅዱስ ጊዮርጊስን በነጭ ፈረሱና በዘንዶው የሚለይ የእኛ አገር ሰው ይህን ዓይነት ሥዕል ማንበብ አያቅተውም፤ የጎደለው መነሻ የሚሰጠው ሰው ብቻ ነው።

ከመረጥናቸው ሥዕሎች እኔን አላስተኛ ያለኝ ለንደን በሚገኘው የቪክቶሪያና አልበርት ሙዚየም ያለው የካንግራ ሥዕል ነው። ካንግራ በሂማላያ ግርጌ ያለ አገር ነው። ቤተሰቡ የተቀመጠው አስከሬን በሚቃጠልበት ቦታ ዛፍ ሥር ነው። ፓርቫቲ ስካንዳን ታቅፋ ትመለከታለች፤ ሺቫና ጋኔሻ የሙታን የራስ ቅል በክር እየሰኩ የአንገት ሐብል ይሠራሉ። በሬው ከዛፉ ጀርባ ተኝቷል። አባትና ልጅ በረንዳ ላይ ተቀምጠው መቁጠሪያ የሚሰኩ ነው የሚመስለው፤ የሚሰኩት ምን እንደሆነ እስክታስተውሉ ድረስ።

በደቡብ ህንድ ደግሞ ሶማስካንዳ የሚባል ቅርጽ አለ፤ ትርጉሙ «ከኡማና ከስካንዳ ጋር» ማለት ነው። ኡማ የፓርቫቲ ሌላ ስሟ ነው። የፓላቫ ነገሥታት በ7ኛውና በ8ኛው ክፍለ ዘመን በድንጋይ አስቀረጹት፤ ከእነሱ በኋላ በቾላ ነገሥታት ዘመን የነበሩ አንጥረኞች በነሐስ አወጡት። ሕፃኑ በአባቱና በእናቱ መካከል የሚቆም ትንሽ ምስል በመሆኑ ወልቆ የጠፋባቸው ነሐሶች አሉ። ወላጆቹ ባዶውን ቦታ መሃል አድርገው ተቀምጠዋል።

የዘር ሐረጉ ግን ቀላል አይደለም። ካርቲኬያ በደቡብ ህንዷ ታሚል ናዱ ሁለት ሚስቶች አሉት፤ በምሥራቅ ህንድ ቤንጋል ላይ ላጤ ነው። የትኛውን እንጻፍ ብለን አንድ ምሽት ሙሉ ተከራክረን ሁለቱንም ጻፍን።

የቤንጋሉ ምዕራፍ የመጽሐፉ ልብ ነው። በየዓመቱ በመስከረምና በጥቅምት ግድም የቤንጋሏ ከተማ የኮልካታ ሰው የፓርቫቲ ሌላ መልክ የሆነችውን ዱርጋን ይቀበላል። ዱርጋ ጎሽ መስሎ የመጣውን ጋኔን የምትገድል ባለ አሥር ክንድ ተዋጊ ናት፤ ለቤንጋል ሰው ግን ተድራ የሄደች፣ አራት ልጆቿን አስከትላ ወላጆቿን ልትጠይቅ የመጣች ልጅም ናት። ላክሽሚ፣ ሳራስዋቲ፣ ጋኔሻና ካርቲኬያ ግራና ቀኝ ይቆማሉ። የኩማርቱሊ ሠፈር ባለሙያዎች ምስሎቹን ከቀርከሃ፣ ከጭድና ካልተተኮሰ ጭቃ ይሠራሉ። በመጨረሻው ቀን ሴቶች የጭቃዋን ከንፈር በጣፋጭ ነክተው ይሰናበቷታል፤ ወደ ባሏ ቤት እንድትመለስም ወንዝ ውስጥ ትገባለች። ለመልስ የመጣችን ሙሽራ ሸኝቶ የሚያውቅ ሰው ይህ እንግዳ አይሆንበትም።

ሃይማኖት ልትሰብኩን ነው ወይ ያሉን አሉ። አይደለም፤ በኮሚቴያችን ውስጥ ኦርቶዶክስም ሙስሊምም አለ፤ ሁላችንም በየእምነታችን ነን። የጎረቤትን ሥዕል ማወቅ ቤቱን መውረስ አይደለም።

በጥቁርና ነጭ አትሙት፣ ዋጋው ይረክሳል ያሉንም አሉ። ሞክረነው ነበር። የሺቫ ሰማያዊነት አመድ ሆነ፤ የካንግራው ሥዕልም ጭጋግ መሰለ። የመምህራችን ሥዕል እኮ ግድግዳቸው ላይ የደረሰው በቀለም ኅትመት ነው፤ ሠዓሊው ራጃ ራቪ ቫርማ እ.ኤ.አ. በ1894 ቦምቤይ ላይ ማተሚያ ካቆመ ወዲህ የአማልክቱ ሥዕል ከቤተ መንግሥት ወጥቶ በርካሽ ዋጋ ድሃው ቤት ገብቷል።

የምናሳትመው 500 ቅጂ ነው፤ ሁሉም ለትምህርት ቤትና ለሕዝብ ቤተ መጻሕፍት በነጻ ይታደላል። የፎቶግራፍ ፈቃድና ኅትመት ተደምሮ ለአንድ ገጽ 3,000 ብር ያስፈልጋል። እስካሁን የ22 ገጽ ተሸፍኗል፤ 42 ይቀራል። አንድ ገጽ ለብቻ መሸፈን ይቻላል፤ ሦስትና አራት ሆናችሁ ብትካፈሉትም ደስ ይለናል። የለጋሾች ስም በመጨረሻው ገጽ ይታተማል፤ ስሜ አይውጣ የሚል ሰው ይንገረን። የባንክ ሒሳቡን ገንዘብ ያዣችን ለየአባላቱ ልከዋል፤ ያልደረሳችሁ በአቅራቢያችሁ ያለውን የኮሚቴ አባል ጠይቁ። ገንዘብ ባይኖራችሁም በወጣትነታችሁ ህንድ ሳላችሁ ያነሳችኋቸው የበዓል ፎቶግራፎች ካሉ ከአልበማችሁ አውጡልን፤ በተለይ የኮልካታ። ማተሚያ ቤቱ ሥራውን የሚረከበን ከሐምሌ መጨረሻ በፊት ነው።