ደንገጎን የወጣች የፕላይውድ ቤት፦ የፈጠራና የጉዞ ክበብ የ2017 ዓ.ም. ዘገባ

ክበባችን ዘንድሮ 22 አባላት ነበሩት። በየሁለት ሳምንቱ ዓርብ ተሰብስበናል፣ ሥራ አስፈጻሚ መርጠናል፣ መዋጮ ሰብስበናል፣ በወላጆች ቀን ሳምቡሳና ሻይ ሸጠናል። ቃለ ጉባኤው በጽሕፈት ቤቱ ስላለ አልዘረዝረውም። ብዕር ያነሳሁት ስለ ተሳቢዋ ለመጻፍ ነው።

በጥቅምት ወር ተማሪዎቹ ራሳቸው አንድ ሐሳብ አመጡ። በመኪና የምትጎተት፣ ሁለት ሰው የምታስተኛ፣ ከኋላዋ ትንሽ ኩሽና ያላት የፕላይውድ ቤት ሠርተን ለጥናት ጉዞ እንጠቀምባት አሉ። ወርክሾፓችን የተሰበሩ ዴስኮች ማከማቻ ከሆነ ስንት ዓመቱ እንደሆነ ሁላችሁም ታውቃላችሁ። ስለዚህ ሥራው በእኔ ግቢ ከኒም ዛፉ ሥር ተጀመረ፤ ባለቤቴና ልጆቼም መጋዝ እየሰሙ ቅዳሜና እሑዳቸውን አሳለፉ። “ትምህርት ቤቱ የአናጢ ቤት ሆነ እንዴ?” ያሉን ነበሩ። እስቲ የሚከተለውን አንብበው ይፍረዱ።

ሦስት መደብሮች ሦስት ዓይነት ፕላይውድ አሳይተውን ሦስቱም “ውሃ አይበግረውም” አሉን። ቃላቸውን ከማመን በፊት ከእያንዳንዱ መዳፍ የምታክል ቁራጭ ለምነን በአንድ ድስት ቀቀልነው። አንዲት የ10ኛ ክፍል አባላችን ከሰሉን እያራገበች ከጠዋቱ 3 ሰዓት እስከ ቀኑ 8 ሰዓት ከድስቱ አልተነሳችም። የመጀመሪያው ቁራጭ ሰዓት ሳይሞላው እንደ ረጠበ ደብተር ተገላለጠ። የሁለተኛው ጠርዝ አበጠ። ሦስተኛው ጠቆር ከማለቱ በቀር እንደገባ ወጣ። ልዩነቱ ንብርብሩን በያዘው ሙጫ ላይ ነው፤ የፊኖል ሙጫ የፈላ ውሃ ይችላል፣ ለቤት ውስጥ ዕቃ የሚውለው የዩሪያ ሙጫ ግን አይችልም። ልጅቷ ሁሉንም በየሰዓቱ መዝግባለች። ኬሚስትሪ ማለት ይህ ካልሆነ ምን እንደሆነ አላውቅም።

የገዛነው ሦስተኛውን ነው፤ ውድ ስለሆነ ገንዘባችን ለሰባት ሉህ ብቻ በቃ። ወለሉን ከባለ 18 ሚሊ ሜትሩ አንዱን ሙሉ፣ 1.22 በ2.44 ሜትር እንዳለ፣ ሳንቆርጥ አደረግነው። ግድግዳው 12 ሚሊ ሜትር ሲሆን ጎበጥ የሚለው ጣሪያ ደግሞ በሁለት የተደረበ ባለ 6 ነው።

ከተማችን ድሬዳዋ በ1895 ዓ.ም. ባቡሩ ሲደርስ የተቆረቆረች ናትና ፉርጎ የጠገኑ እጆች ዛሬም በሰፈሩ አሉ። ከምድር ባቡር በጡረታ የተሰናበቱ አንድ አናጢ ጎረቤቴ አጥሩን ተደግፈው ብዙ ሲያዩን ቆዩና ገቡ። የቆረጥነውን ጠርዝ በአውራ ጣታቸው ዳበስ አድርገው፣ “ልጆቼ፣ ይህ እንጨት ውሃ የሚጠጣው በፊቱ ሳይሆን በጠርዙ ነው” አሉ። ከዚያ ቀን ወዲህ ኢፖክሲ (ውሃ የማያስገባ ሙጫ) ያልጠገበ ጠርዝም ሆነ የቪቴ ቀዳዳ አልተዘጋም። ውጩን በኮላ የተነከረ አቡጀዲ አለበስነው፤ ሲደርቅ በብርጭቆ ወረቀት አሽተን ሦስት ጊዜ ነጭ የውጭ ቀለም ቀባነው። ነጩ የተመረጠው የድሬን ፀሐይ እንዲመልስልን ነው። ከሥር ሬንጅ ተቀባች።

ስህተትም ነበር። የቱቦላሬውን ሻንሲ በነፃ የበየዱልንን ባለሙያ አክስሉን ልክ መሀል ላይ አድርጉት ያልኳቸው እኔ ነኝ። በሜዳው መንገድ ስንሞክራት በሰዓት 40 ኪሎ ሜትር ላይ ጭራዋ ግራና ቀኝ ይዋልል ጀመር፤ ሾፌሩ ቀስ ብሎ ባያቆም ኖሮ አደጋ ነበር። ጎማዎቹንና መጎተቻውን ተራ በተራ በእህል ሚዛን ላይ አሳርፈን ስንደምር 420 ኪሎ ሆነች፤ መጎተቻው ላይ ያረፈው ግን 18 ኪሎ ብቻ ነው። ከጠቅላላው ከ10 እስከ 15 በመቶ ማረፍ ነበረበት። ልጆቹ የሞመንት (የክብደትና የርቀት ብዜት) ስሌታቸውን በኖራ መሬት ላይ ሠርተው አክስሉ 20 ሴንቲ ሜትር ወደ ኋላ ይሂድ አሉ። ተፈቶ እንደገና ተበየደ፣ ተመዘነ፤ 47 ኪሎ። መዋለሉ ቆመ።

በሚያዝያ አንድ ቅዳሜ የደንገጎን ዳገት ወጣን። መንገዱ ከ1,200 ሜትር ገደማ ተነስቶ እየተጠማዘዘ ከ2,000 በላይ ያደርሳል። ተሳቢዋን የአንድ ወላጅ ፒክአፕ ጎተታት፣ እኛ በሚኒባስ ተከተልን። በየመታጠፊያው ልጆቹ ጸጥ ይላሉ፤ ስታልፈው ያጨበጭባሉ። ደርቆ ከተመለሰው የሐሮማያ ሐይቅ አጠገብ ሰፈርን።

ከሌሊቱ 7 ሰዓት አልፎ ዝናቡ መጣ። አሮጌዎቹ ድንኳኖቻችን ወዲያው አፈሰሱ። በዚህ መሀል ከተሳቢዋ ውስጥ የእጅ ባትሪ በራ። ሄጄ በሩን ስከፍት ያቺ ፕላይውድ የቀቀለችው ልጅ ተንበርክካ ግድግዳውን ከላይ እስከ ታች በመዳፏ ትዳስሳለች። “መምህር፣ ደረቅ ነው!” አለችኝ፤ ድምፅዋ ይንቀጠቀጣል። ቀጥላ ከኋላው በር ማጠፊያ አጠገብ ሳንቲም የምታክል እርጥበት አገኘች። አልደበቀችኝም። እርሳስ አውጥታ ዙሪያዋን ከበበችና ሰዓቱን ጻፈችባት፦ 7፡40። እስኪነጋ በየግማሽ ሰዓቱ ተነስታ አየቻት፤ ከክቡ አልወጣችም። እኔ ዝናቡ ላይ መቆሜን ረስቼ ነበር። በክፍል ውስጥ እጇን አውጥታ የማታውቅ ልጅ ናት። በማግስቱ ጠዋት ጓደኞቿን በሩ ዙሪያ ሰብስባ ውሃው በየትኛው ቪቴ እንደገባ እየጠቆመች አስረዳች፤ ለካ ያን አንዱን ቪቴ ዘንግተን ኢፖክሲ ሳናጠጣ ዘግተነው ኖሯል።

ለ2018 ዓ.ም. የምንጠይቀው ብዙ አይደለም። ዴስኮቹ ይነሱና ወርክሾፑ ይከፈትልን። አንድ ትራፓኖ፣ ሁለት መላጊያና ውሃ የማያስገቡ አራት ድንኳኖች ያስፈልጉናል። ለስፖርት ማሊያ በየዓመቱ በጀት ሲገኝ ለእኛ የተሰጠን አንድ ካርቶን ጠመኔ ነው፤ ይህን የምጽፈው ቅር ስላለኝ ነው። ወላጆችና የቀድሞ ተማሪዎች፣ በተለይ ጋራዥና የእንጨት ሥራ ያላችሁ፣ እባካችሁ አስቡን።

ተሳቢዋ አሁንም ግቢዬ ውስጥ ሸራ ለብሳ ቆማለች። ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ ማንም መጥቶ ማየት ይችላል። ማጠፊያውን ጠግነናል፤ ልጆቹ በእርሳስ የተከበበችውን ክብ ቀለም እንዳይነካት ስለጠየቁኝ ግን እንዳለች ትቻታለሁ።