ቱኒዚያ የባሕር ዳርቻ ብቻ አይደለችም

ይድረስ ለዝግጅት ክፍሉ፤

ስለ ቱኒዚያ ያወጣችሁትን የጉዞ ጽሑፍ አነበብኩት። ጥሩ ነው፤ ግን ከባሕሩ ዳር ፈቀቅ አላለም። ሱስ ከምትባለው የባሕር ዳር ከተማ ወደ ውስጥ 60 ኪሎ ሜትር ገደማ ገባ ብትሉ ኖሮ ቀይረዋንን ታገኙ ነበር እኮ!

ከተማዋን እ.ኤ.አ. በ670 የቆረቆራት የዐረብ ጦር አዛዡ ዑቅባ ኢብን ናፊዕ ነው። ታላቁ መስጊድ ግን አሁን የያዘውን መልክ ያገኘው በ9ኛው ክፍለ ዘመን አካባቢውን ይገዛ በነበረው በአግላቢዶች ሥርወ መንግሥት ዘመን ነው። ከውጭ ሲያዩት ግንቡ ወፍራም፣ ሚናራውም አራት ማዕዘን ስለሆነ ምሽግ ይመስላል።

እኔን የገረመኝ ግቢው ነው። ወለሉ ወደ መሃል ዘቅዘቅ ያለ ነው፤ የዝናቡ ውሃ እዚያ ተሰብስቦ፣ ደለሉን በተፈለፈለው እብነ በረድ ላይ አስቀርቶ ከሥር ወዳለው ማጠራቀሚያ ይወርዳል። የጉድጓዶቹን አፍ ጠጋ ብላችሁ እዩት፤ ለዘመናት ውሃ ሲቀዳበት የኖረው ገመድ ድንጋዩን ቦርቡሮታል። የጸሎት አዳራሹ ዓምዶች ከሮማውያንና ከቢዛንታይን ፍርስራሾች የመጡ ስለሆኑ አናታቸው አንዱ ከሌላው አይመሳሰልም፤ ለእኔ ውበቱም እሱ ነው። ሙስሊም ያልሆነ ጎብኚ ወደ አዳራሹ አይገባም፤ ከበሩ ሆኖ ያያል።

በእነሱ በጋ (ከሰኔ እስከ ነሐሴ) ሙቀቱ አይጣል ነው፤ በጠዋት ሂዱ። ልብሳችሁም ሸፈን ያለ ይሁን። መቅሩድ የሚባለውን በቴምር የተሞላ ጣፋጭ ሳትቀምሱ እንዳትመለሱ፤ የከተማዋ መለያ ነው። ለመሄድ አስጎብኚ ድርጅት አያስፈልግም፣ ሉዋዥ የሚሏቸው የጋራ ታክሲዎች ሲሞሉ ይነሳሉ። በሚቀጥለው ጽሑፋችሁ ይህንንም ብትጨምሩት ደስ ይለኛል።

አንባቢያችሁ