«ዲካላ ተይዟል» ተብለን ስለከፈልንበት ጉዞ የቀረበ ቅሬታ

ለጉዞ ወኪሉ የደንበኞች አገልግሎት ክፍል
ግልባጭ፦ ለሥራ አስኪያጁ
አዲስ አበባ

ጉዳዩ፦ በተገባልን ቃል መሠረት ስላላገኘነው የሁለት ሌሊት አዳርና ለአባቴ ስለተሰጠው መልስ

ሰላም ለእናንተ ይሁን።

ባለፈው ሰኞ የላካችሁልኝን ኢሜይል አነበብኩት። «ደንበኛዋ አገልግሎቱን ስለተጠቀሙ ተመላሽ የሚሆን ገንዘብ የለም» ይላል። ከሥሩ ደግሞ ለዱባይ ጉዞ ቅናሽ እንደምታደርጉልኝ ተጽፏል። ዱባይ መሄድ አልፈልግም። ስደውልላችሁ «ፋይናንስ ነው የሚያየው» ትሉኛላችሁ። ፋይናንስ ደግሞ «ኦፕሬሽን ይመልስልሽ» ይለኛል። ኦፕሬሽን ጋ ስደርስ ኃላፊው ሁልጊዜ ስብሰባ ላይ ናቸው። በዚህ ሁኔታ ወራት አለፉ። ስለዚህ ነገሩን በጽሑፍ አቀርባለሁ፤ እባካችሁ እስከ መጨረሻው አንብቡት።

የገዛነው ዲካላን ነው። ህንድ በሚገኘው በጂም ኮርቤት ብሔራዊ ፓርክ ውስጥ፣ ዲካላ ባለው የደን መሥሪያ ቤቱ ማረፊያ፣ ሁለት ሌሊት። የሽያጭ ሠራተኛችሁ በቴሌግራም የጻፈልኝ እስካሁን ስልኬ ላይ አለ፦ «ዲካላ ተይዟል፣ ኮንፈርም ነው፣ አባባ ምንም አይጨነቁ።» ቀሪውን ክፍያ ያስገባሁት ይህን ካየሁ በኋላ ነው። ሌላው ዝርዝር ፋይላችን ውስጥ ስላለ አልደግመውም።

ዲካላ ለአባቴ ምን እንደሆነ ሠራተኛችሁ አላውቅም ሊል አይችልም። ቢሮአችሁ ቁጭ ብለው ራሳቸው ነግረውታል። አባቴ የሥራ ዘመናቸውን የጨረሱት አዋሽ ፓርክ ውስጥ በስካውትነት ነው። ሳላ ሲጠብቁ፣ አዳኝ ሲያሳድዱ፣ ሜዳ ላይ ሲያድሩ የኖሩ ሰው ናቸው። ኮርቤት እ.ኤ.አ. በ1936 የተቋቋመ የህንድ የመጀመሪያው ብሔራዊ ፓርክ መሆኑን ለሠራተኛችሁ ያስረዱት እሳቸው ናቸው። ህንድ ነብሮቿን ከመጥፋት ለማዳን በ1973 የጀመረችው ፕሮጀክት ታይገርም ከዚያው እንደተነሳ ነግረውታል። እሱ ደግሞ በ2022ቱ ቆጠራ 260 ነብር እንደተገመተበትና ከሀገሪቱ የነብር ክልሎች አንደኛ መሆኑን እየጠቀሰ ሸጠላቸው። ቁጥሩ ልክ ነው። አባቴ የሄዱት ግን ለሌሊቱ ነበር።

የቀን ጎብኚ ፀሐይ ስትጠልቅ ከፓርኩ መውጣት አለበት። ሲመሽ እዚያ የሚቀረው ውስጥ አልጋ የያዘ ብቻ ነው። ዲካላ ከዳንጋሪ በር ወደ ውስጥ 30 ኪሎ ሜትር ገደማ ይርቃል። ማረፊያው በኤሌክትሪክ አጥር የተከለለ ነው። ከፊቱ ሰፊ የሣር ሜዳ አለ፤ ከዚያ ወዲያ የራምጋንጋ ውኃ። እዚያ ሥጋ አይቀርብም። የነቢያት ጾም ገብቶ ስለነበር አባቴ ይህን ሲሰሙ ደስ አላቸው። ከልብ ሕክምናቸው በኋላ ዴሊ ውስጥ እያገገሙ ሳለ ያወሩት የነበረው ስለዚሁ ብቻ ነበር፤ ማታ ጫካው ምን እንደሚል ለመስማት።

አሁን በሩ ላይ የሆነውን በዝርዝር ልጻፍ፤ እናንተ እዚያ አልነበራችሁም።

ሾፌሩ ማለዳ ከፓርኩ አጠገብ ካለችው ከተማ፣ ከራምናጋር፣ ወደ ዳንጋሪ በር ወሰደን። መኪናው ክፍት ጂፕሲ ነው። በህዳር መጨረሻ የኮሲ ወንዝ ዳር ጭጋግ ይውላል፤ ብርዱ አጥንት ይገባል። አባቴ ጋቢያቸውን በካፖርታቸው ላይ ደርበዋል። ካኪ የለበሰ ጠባቂ ወረቀታችንን ተቀበለ። እናንተ የላካችሁልን ባለማኅተም ወረቀት ነው፤ አናቱ ላይ ዓርማችሁ፣ መሐሉ ላይ «ዲካላ፣ 2 ሌሊት» የሚል። ጠባቂው አገላብጦ አየውና መልሶ ሰጠኝ። ፓስፖርት ጠየቀ። መዝገቡ ላይ ጣቱን ከላይ እስከ ታች አወረደ። ገጹን ገልብጦ ደገመው። የአባቴ ስም የለም። የእኔም የለም። ኮርቤት ፈቃድ የሚወጣው በጎብኚው ስምና በመታወቂያ ቁጥር ነው፤ ለውጭ ዜጋ በፓስፖርት ቁጥር። የድርጅት ማኅተም በር አያስከፍትም። ይህን ጉዞ የሚሸጥ ሰው ይህን ማወቅ ነበረበት።

ያኔ ሾፌሩ አንገቱን ደፍቶ ከደረት ኪሱ ሌላ ወረቀት አወጣ። ስማችን አለበት፣ የፓስፖርት ቁጥራችንም አለበት። ጂርና ይላል፤ የፓርኩ ሌላ ክፍል ነው። ከሰዓት በኋላ፣ የቀን ጉብኝት። ወረቀቱን እዚያ ካለው ወኪላችሁ የተቀበለው ቀደም ብሎ ነው። «የነገሯችሁ መስሎኝ ነበር» አለን። እናንተ ዘንድ ያለ ሰው ያውቅ ነበር ማለት ነው። ከአዲስ አበባ ሳንነሳ ያውቅ እንደነበር እጠረጥራለሁ፤ አይደለም የምትሉ ከሆነ ፈቃዱ የተቆረጠበትን ቀን አሳዩኝ።

እዚያው ቆሜ ለሽያጭ ሠራተኛችሁ ደወልኩ። ለአባቴ መፍትሔ ይሰማሉ ብዬ ስልኩን ስፒከር ላይ አድርጌዋለሁ።

«ዲካላ የለም እያሉን ነው» አልኩት።

«ዲካላ ሞልቶ ነው፤ ጂርና አስያዝንላችሁ።»

«መቼ ነው የሞላው? ለምን አልተነገረንም?»

«እህቴ፣ ጂርናም ዲካላም ያው አንድ ፓርክ ነው።»

«አዳሩስ?»

«ሪዞርት ይዘንላችኋል። እንደውም ከዲካላ ይሻላል፤ ዋና ገንዳ ሁሉ አለው።»

አባቴ የመጡት ጫካው ውስጥ ለማደር መሆኑን ነገርኩት። እንዲህ ሲል መለሰልኝ፦ «ሀገራችን አንበሳ ሞልቶ ህንድ ድረስ ነብር ፍለጋ? ደግሞ ሽማግሌው ከሆስፒታል ወጥተው ጫካ አድረው ምን ሊሆኑ ነው? ይረፉበት።»

አባቴ ቃል በቃል ሰሙት። ምንም አላሉም። ጠባቂውን በእጃቸው አመስግነው ተመልሰው ጂፕሲው ላይ ወጡ።

ይህን ደብዳቤ ከሁሉ በፊት የሚያጽፈኝ ይህ ነው። ቦታ ሊሞላ ይችላል። ስህተትም ይፈጠራል፤ ሰው ደውሎ ይቅርታ ከጠየቀ ይታለፋል። ቤተሰቡን ከፍሎ ያሳከመ፣ የራሱን ገንዘብ ከፍሎ ጉዞ የገዛ ሰው ግን ለምን እዚያ መሄድ እንደፈለገ ለሻጩ ማስረዳት የለበትም። አባቴ ደግሞ በሕይወታቸው ማንንም «ሽማግሌው» ብለው በሦስተኛ ሰው ያላዋረዱ ሰው ናቸው። ሠራተኛችሁ ሲሸጥ «አባባ» ነበር የሚላቸው።

ወደ ከተማ ተመልሰን ራምናጋር ያለው የፓርኩ እንግዳ መቀበያ ቢሮ ገባን። የቢሮው ሠራተኛ ኮምፒውተሩን ወደ እኛ አዙሮ አሳየን። በስማችን ለዲካላ የተያዘ ነገር የለም። ተይዞ የተሰረዘም የለም። ወደ ዲካላ ቀን ቀን የሚያስገባው ካንተር አውቶቡስ ይቻል እንደሆነ ጠየቅን፤ ለእነዚያ ቀናት ወንበር አልነበረም። «ኮንፈርም ነው» የተባልነው ስለምን እንደሆነ እስካሁን የመለሰልኝ የለም። ሦስቱም ኢሜይሎቻችሁ ይህቺን ጥያቄ ዘለዋታል።

«አገልግሎቱን ተጠቅመዋል» ያላችሁት ጂርናን ከሆነ፣ አዎ፣ ከሰዓት በኋላ ሄድን። አቅጣጫው ከዳንጋሪ ጋር ስለማይገናኝ ከተማውን አቋርጠን በሌላ በኩል ነው የገባነው። ጂርናን አላጣጥለውም። ዓመቱን ሙሉ ክፍት የሆነ ደረቅ ያለ ጫካ ነው፤ ባለነጠብጣብ አጋዘኖች መንገድ ዳር ቆመው ያዩናል፣ ዝንጀሮ የሚመስሉ ፊታቸው የጠቆረ ላንጉሮችም ከዛፍ ዛፍ ይዘላሉ። አስጎብኚያችን ጎበዝ ልጅ ነበር። አንድ ቦታ ላይ ሞተሩን አስጠፍቶ አሸዋው ላይ የነብር ኮቴ አሳየን። ከመኪና መውረድ ስለማይፈቀድ አባቴ በጎን በኩል ዘንበል ብለው አዩት። የፊተኛው እግር የቱ እንደሆነ፣ ዱካው ዛሬ ጠዋት የተረገጠ ይሁን ትናንት፣ ለልጁ በምልክት ነገሩት። ልጁ በመገረም ሾፌሩን ጠርቶ አሳየው። ከዚያ አጋዘን ጮኸ። ነብር ሲያይ የሚጮኸው ድምፅ ነው አሉን፤ ሁላችንም ጆሯችንን አቆምን። ግን መሽቶ ስለነበር መውጣት ግድ ሆነ። ያ ድምፅ ከየት እንደመጣና ምን እንደተከተለው የሚሰማው ውስጥ የሚያድር ሰው ነው። እኛ ያንን ከፍለናል።

ያደርነው ግን ያላችሁት ሪዞርት ነው። ከራምናጋር ወጣ ብሎ፣ በወንዙ መንገድ ላይ። የሠርግ ወቅት ነበርና ግቢው ውስጥ ሠርግ አለ። ከበሮው፣ ድምፅ ማጉያው፣ ርችቱ። ሁለቱንም ሌሊት። ከልብ ሕክምና የወጣ ሰው የሚተኛበት ቦታ አልነበረም። ሠራተኛችሁ «ይረፉበት» ያለው ይህንን ነው። ክፍል እንዲቀየርልን ስጠይቅ ሆቴሉ «ወኪላችሁ ያስያዘው ዝቅተኛውን ነው» አለኝ። የከፈልነውን ዋጋ እናንተም ታውቁታላችሁ።

ካነሳሁት አይቀር ባቡሩንም ላንሳው። በወቅቱ ዝም ብዬ አልፌው ነበር። ከአሮጌው ዴሊ ጣቢያ ማታ ተነስቶ ሊነጋ ሲል ራምናጋር በሚገባው ባቡር አየር ማቀዝቀዣ ባለው ክፍል፣ ለአባቴ የታችኛውን አልጋ ነበር ቃል የገባችሁት። የተሰጠን ስሊፐር ነው፤ አየር ማቀዝቀዣ የሌለው ክፍል። መስኮቱ በደንብ አይዘጋም፤ ንፋሱ ሌሊቱን ሙሉ ይገባል። የአባቴ አልጋ ላይኛው ነው። ሐኪማቸው ብርድና ድካም እንዲጠነቀቁ ማስጠንቀቁን በፎርማችሁ ላይ ጽፌዋለሁ። በህንድ ባቡር ለአዛውንቶች የታችኛው አልጋ ኮታ አለ፤ ዕድሜያቸውን በትክክል ሞልቶ መጠየቅ ብቻ ነበር የሚያስፈልገው። ታችኛው ላይ የነበረ አንድ ተማሪ አይቷቸው ሳንጠይቀው ተነሳላቸው። ያን ልጅ እግዚአብሔር ይስጠው። የእናንተን ሥራ የሠራው እሱ ነው።

ካላዱንጊም እንዲሁ ነው። የጂም ኮርቤት የክረምት ቤት፣ አሁን ሙዚየም የሆነው፣ በፕሮግራማችሁ ላይ በግልጽ ተጽፏል። ሾፌሩ «ይህ አልተከፈለም» አለን። ከኪሳችን ከፍለን ሄድን፤ ደረሰኙን አያይዣለሁ። ሰውየው ሰው በላ ነብሮችን ሲያድን ኖሮ በኋላ ለእንስሳቱ ጥበቃ የቆመ፣ መጨረሻውም ኬንያ፣ ኒዬሪ የተቀበረ ነው። አባቴ ከጉዞው ሁሉ ደስ ብሏቸው የዋሉት እዚያ ነው። ይህም በእናንተ ዝግጅት የመጣ አልነበረም።

የራምናጋር ሰው ግን አላስከፋንም። የበሩ ጠባቂ፣ የቢሮው ሠራተኛ፣ አስጎብኚው፣ ሻይ ያፈላልን ሰውዬ፣ ሁሉም በአክብሮት ነው ያስተናገዱን። ሾፌሩም ሁለት ድርጅት መሐል የገባ ሰው ነው፤ በእሱ ላይ እንዳታላክኩ።

በመጀመሪያ የጠየቅኳችሁ በዲካላና በሪዞርቱ መካከል ያለውን የዋጋ ልዩነት ብቻ ነበር። ያኔ ብትመልሱ ነገሩ አልቆ ነበር። አሁን ጥያቄዬ ይህ ነው። የራምናጋሩን ክፍል ሙሉ ክፍያ መልሱ፤ የሪዞርቱንም የጂርናንም ጨምሮ፣ ምክንያቱም ሁለቱንም አላዘዝንም። የባቡሩን ልዩነትና የካላዱንጊን ወጪ መልሱ። ከዚህ ሁሉ በላይ ግን፣ በሩ ላይ ቆመን ሳለ በስልክ ያንን የተናገረው ሠራተኛችሁ ለአባቴ በስማቸው የተጻፈና ኃላፊው የፈረመበት ይቅርታ ይጻፍላቸው። ገንዘቡን ብትልኩና ይቅርታውን ብታስቀሩ ጉዳዩ አልተዘጋም።

ይህ ደብዳቤ በደረሳችሁ በ15 ቀን ውስጥ መልስ ካላገኘሁ በአዋጅ ቁጥር 813/2006 መሠረት ለንግድና ቀጣናዊ ትስስር ሚኒስቴር የሸማቾች ጥበቃ ክፍል አመለክታለሁ። አዋጁ ሸማች ስለሚገዛው አገልግሎት ትክክለኛ መረጃ የማግኘትና ለደረሰበት ጉዳት ካሳ የመጠየቅ መብት ይሰጠዋል። ዴሊ ለሕክምና የሚመላለሱ ቤተሰቦችም የትኛው ወኪል እንደሚታመን እርስ በርስ ይጠያየቃሉ። እስካሁን ሲጠይቁኝ ስማችሁን አልጠራሁም። ከ15 ቀን በኋላ ግን እጠራለሁ።

እባካችሁ በስልክ አትደውሉልኝ። በጽሑፍ መልሱልኝ። የዱባዩንም ቅናሽ አንሱልኝ።

ከሰላምታ ጋር

አባሪ፦ «ኮንፈርም ነው» የሚለው የቴሌግራም መልእክት፣ የክፍያ ደረሰኝ፣ የጂርና ፈቃድ ቅጂ፣ የባቡር ትኬት፣ የካላዱንጊ ደረሰኝ