መስኮቱን ክፈቺ፦ ደብዳቤ ለልጄ

ውድ ልጄ፣

ትናንት ወንድምሽ ደውሎ፣ በተዘጋ ክፍል ውስጥ የፕላስቲክ ሞዴል አውሮፕላንሽን ስትቀቢ አምሽተሽ ጠዋት ራስሽን ይዘሽ እንደተነሣሽ ነገረኝ። በእርሱ አትቀየሚ፤ ስለሚሳሳልሽ ነው። እኔ ግን ተቆጥቻለሁ። ስትሠሪ መስኮቱን ክፈቺ።

ክፍሎቹን የምታጣብቂበት ሙጫ ፕላስቲኩን ራሱን አሟሙቶ ሁለቱን ክፍል የሚያዋሕድ ኬሚካል ነው፤ ትነቱም ሳንባሽ ይገባል። ቲነሩም እንደዚያው። አሁን የምታደርጊው የአቧራ ማስክ ብናኝ እንጂ ትነት አያስቀርም፤ ለቀለም የሚሆነው የከሰል ማጣሪያ ያለው ነው። ገንዘቡን እኔ እልካለሁ። ደግሞ ለአንቴናው ብለሽ ክፍሎቹ ተያይዘው የሚመጡበትን የፕላስቲክ ዘንግ በሻማ እያሞቅሽ እንደ ክር ስትስቢ ቲነሩ በአጠገብሽ እንዳይኖር።

ሥራሽን የጠላሁት እንዳይመስልሽ። የላክሽልኝን ፎቶ ደጋግሜ አይቼዋለሁ። የጦር ማመላለሻውን ሲ-47 የመንገደኞች አውሮፕላን ለማድረግ መነሣትሽ በጣም ደስ አሰኝቶኛል፤ ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት በኋላ እውነተኞቹም ብዙዎቹ እንዲሁ ተለውጠው ሰው ሲያጓጉዙ ኖረዋል። ሰፊውን የጭነት በር ከመድፈንሽ በፊት ግን የምትሠሪውን አውሮፕላን ፎቶ ፈልጊ፤ የሁሉም በር አንድ ዓይነት አልነበረም። የምትደፍኚበት ስቱኮ ሲደርቅ ስለሚሰምጥ አንድ ቀን ታገሺው፣ ከዚያ ድገሚው። በ400 ቁጥር የብርጭቆ ወረቀት ጀምረሽ በ1000 ጨርሺ፤ ብናኙ እንዳይነሣ በውኃ እያራስሽ። መስኮቱም ክፍት ይሁን።

አያትሽ የዚህን ሞዴልሽን ሳጥን ሲገዙ እኔ ካንቺ አንስ ነበር። ማታ ማታ ይከፍቱትና ክፍሎቹን ከነዘንጋቸው ጠረጴዛ ላይ ይዘረጋሉ። የሲ-47 መነሻ የሆነው የመንገደኞች አውሮፕላን ዲሲ-3 መጀመሪያ የበረረው እ.ኤ.አ. ዲሴምበር 17 ቀን 1935፣ ከራይት ወንድማማቾች በረራ 32 ዓመት በኋላ በዚያው ዕለት መሆኑን ሁልጊዜ እንደ አዲስ ይነግሩኛል። «በ1/72፣ ማለትም ከእውነተኛዋ 72 ጊዜ አንሳ ስትሠራ ክንፏ ከጫፍ እስከ ጫፍ 40 ሴንቲ ሜትር ያህል ነው» እያሉ በስንዝራቸው ይለኩልኛል። ከዚያ ሁሉንም መልሰው፣ «ፈተናሽን ስትጨርሺ እንጀምራለን» ብለው ይከድኑታል። ፈተናው አለቀ፤ ሌላ ፈተና መጣ። በኋላ ሕመም እጃቸውን ያንቀጠቅጠው ጀመር፤ እርሳቸው ግን ሳጥኑን መክፈት አልተዉም። አንድ ቀን እንኳ «አባባ፣ ዛሬ እንጀምር» ብያቸው ቢሆን! አንዲት ክንፍ አብረን ሳናጣብቅ አለፉ። ይህ ቁጭት እስከ ዛሬ አለቀቀኝም፤ አንቺ ሳጥኑን ስትጠይቂኝ ዝም ያልኩትም ለዚህ ነበር።

እና ተለጣፊ ምልክቶቹ እንዳረጁ እወቂ። መጀመሪያ የማትፈልጊውን የጦር ኮከብ ለብ ያለ ውኃ ውስጥ ክተቺና ሞክሪው። ከተሰባበረ ሌሎቹም አይተርፉም፤ አስቀድመሽ በጠራ ቫርኒሽ ስስ አድርገሽ ሸፍኛቸው። የምትለጥፊበትም ቀለም የሚያብለጨልጭ ይሁን፤ በደብዛዛ ቀለም ላይ ከሥሩ አየር እየያዘ ነጭ ይሆንብሻል። ለአውሮፕላኑ መስኮቶች መስታወት ሱፐር ግሉ እንዳትነኪ፣ ያደበዝዘዋል፤ ነጭ ኮላ ይበቃል።

የማስኩን ዋጋ ነገ ጻፊልኝ። እስኪመጣ ድረስ ቀለም አትርጪ፤ ለሙጫውም መስኮቱን ክፈቺ። ራስ ምታቱ ከተመለሰ ሥራውን አቁመሽ ሐኪም ዘንድ ሂጂ፣ ለእኔም ደውዪ፤ ከወንድምሽ አልስማው።

እናትሽ