ለኢትዮጵያ ቤተ መዛግብትና ቤተ መጻሕፍት አገልግሎት፦ የደራስያን ስም አንድ መዝገብ ይውጣለት

ክቡራን የአገልግሎቱ ኃላፊዎች፣

በዩኒቨርሲቲና በሕዝብ ቤተ መጻሕፍት ካታሎግ ስንሠራ የምንውል ባለሙያዎች የምንጠይቃችሁ አንድ ነገር ነው። የኢትዮጵያውያን ደራስያን ስም በወጥ አጻጻፍ የሰፈረበት፣ የትኛውም ቤተ መጻሕፍት በነጻ የሚወስደው የስም መዝገብ ይውጣልን። ከእናንተ የተሻለ ለዚህ የሚመች የለም፤ የታተመ መጽሐፍ ቅጂ በሕግ የሚገባው ወመዘክር ብለን የምንጠራው የእናንተው ቤት ነው፣ አይኤስቢኤን የተባለውን የመጽሐፍ መለያ ቁጥር የሚሰጠውም እሱው ነው።

የጸጋዬ ገብረ መድኅንን ስም ተመልከቱ። «ጸ» ወይ «ፀ»፤ «ዬ» ወይ «የ»፤ «ኅ»፣ «ሕ» ወይ «ህ»፤ የአባት ስም ተነጣጥሎ፣ ተጋጥሞ ወይም «ገ/መድኅን» ተብሎ። 2 × 2 × 3 × 3 ሲባዛ አንዱ ሰው 36 መልክ አለው። አንባቢ ሁሉንም ያው ብሎ ያልፋል፤ ኮምፒውተሩ ግን 36 ሰው ነው የሚያየው። ተማሪው በአንዱ ፈልጎ «አልተገኘም» ይባላል፣ መጽሐፉ መደርደሪያው ላይ ተቀምጦ።

በዚህ ላይ ስም የመገልበጥ ጣጣ አለ። ሶፍትዌሩ የመጨረሻውን ቃል የቤተሰብ ስም አድርጎ ሲወስድ ባለቅኔው «መድኅን፣ ጸጋዬ ገብረ» ሆኖ ቁጭ ይላል። ዓለም አቀፉ ደንብ እንኳ ስም በባለቤቱ አገር ልማድ ይግባ ነው የሚለው። ስለዚህ የካታሎግ መረጃ ለኮምፒውተር በሚጻፍበት ቅርጽ በማርክ 21፣ የደራሲ ስም በሚገባበት መስክ 100 ላይ የመጀመሪያው አመልካች (የስሙን ዓይነት የሚናገረው አኃዝ) 0 መሆን አለበት፤ 1 ከተሞላ የቤተሰብ ስም ማለት ነው። ብላቴን ጌታ፣ ፊታውራሪ፣ አለቃ የመሳሰለው ማዕረግም በንኡስ መስክ «ሲ» ይግባ። ከስሙ ፊት ከተጻፈ የቀድሞ ሊቃውንት ሁሉ «አለቃ» ሥር ይሰለፋሉ፤ ተሰልፈውም አይተናል።

የሞክሼ ሆሄያቱን ችግር ብዙዎቻችን በምንሠራበት የቤተ መጻሕፍት ሶፍትዌር በኮሃ ላይ ማቃለል ይቻላል። የኮሃ ፍለጋ ሞተር የሆነው ዜብራ ሲተከል ከሁለቱ የማውጫ ስልቶች አይሲዩ ይመረጥ፤ ሲኤችአር የተባለው ለፊደላችን አይሆንም። ከዚያ በቃላቱም በሐረጋቱም የአይሲዩ ፋይል ላይ የመተኪያ ደንብ ይጨመራል፦ ሃ፣ ሐ፣ ሓ፣ ኀ፣ ኃ ወደ ሀ፤ ኣ፣ ዐ፣ ዓ ወደ አ፤ ሠ ወደ ሰ፤ ፀ ወደ ጸ። ብዙ ጊዜ የሚበላሸው እዚህ ላይ ነው። ግእዙን ጽፈው ከካዕብ እስከ ሳብዕ ያሉትን ይረሷቸዋል፤ ሕ እና ኅ ወደ ህ ካልተመለሱ ደግሞ «መድኅን» እንደተሰወረ ይቀራል። ደንቡ ከገባ በኋላ ማውጫው ከዜሮ እንደገና ይገንባ፣ አለዚያ የሚስተካከለው ከዚያ ወዲህ የገባው ብቻ ነው። በካታሎጉ ውስጥ ያለው የመጽሐፉ መረጃ ራሱ ግን አይነካም፤ በርዕስ ገጹ ላይ የታተመው ሆሄ እንዳለ ይቀመጣል። በትግርኛ ሀ እና ሐ፣ አ እና ዐ የተለያየ ድምፅ ስላላቸው የትግርኛ መጻሕፍት ያሉበት ቤት ትርፍ ውጤት ይመጣበታል። መጽሐፍ ከሚጠፋ ትርፍ ቢመጣ ይሻላል ባይ ነን።

ይህ ደንብ ግን «ገ/መድኅን»ን አያቃናም፤ «ገብረመድኅን» ተጋጥሞ ሲጻፍም ለማሽኑ ሌላ ቃል ነው። ይህን የሚፈታው የስም መዝገብ ብቻ ነው። በመስክ 100 የጸደቀው አጻጻፍ፣ በመስክ 400 የቀሩት ሁሉ፣ የላቲኑም ጭምር ይገባሉ፤ ፈላጊው በየትኛውም ቢመጣ ወደ አንዱ ይመራል። ስማቸው አንድ የሆነ ደራስያን በአያት ስም ወይም በትውልድ ዓመት ይለዩ።

መመሪያ ከወጣ አይቀር ሁለት ነገር ይጨመርበት። በ2015 ዓ.ም. የታተመ መጽሐፍ «2015» ተብሎ ብቻ ከገባ ሲስተሙ በፈረንጅ ይቆጥረውና ሰባት ስምንት ዓመት ያስረጀዋል፤ የቅርብ ጊዜ መጻሕፍትን ለይቶ የሚፈልግም አያገኘውም። ትክክሉ «2015 [2022 ወይም 2023]» ነው፤ ሲስተሙ ዓመትን በሚያነብበት መስክ 008 ላይም ሁለቱ የፈረንጅ ዓመታት ይሞሉ። ወሩ ከታወቀ ይቀላል፦ እስከ ኅዳር ያለው 2022፣ ከጥር ወዲህ ያለው 2023። ሁለተኛው፣ ማተሚያ ቤትን አሳታሚ አድርጎ መመዝገብ ይቅር። ደራሲው በራሱ ገንዘብ ካሳተመ አሳታሚው ራሱ ነው፤ ማተሚያ ቤቱ በመስክ 264፣ ሁለተኛ አመልካች 3 ይገባል።

ሥራው ከአይኤስቢኤን ማመልከቻ ቅጽ ቢጀመር ይቀላል። አመልካቹ ስሙን በፊደላችንና በላቲን፣ ተነጣጥሎ ይሁን ተጋጥሞ እንደሚፈልገው፣ ከአያት ስም ጋር ይሙላ፤ አዲስ ደራሲ በዚያው ይመዘገባል። ለቀደሙት በብዛት የሚፈለጉ 500 ደራስያን ለመነሻ ይበቃሉ፤ ዝርዝሩን ከየካታሎጋችን አውጥተን፣ ከርዕስ ገጾቹ ጋር አመሳክረን ልናቀርብ ዝግጁ ነን። ሲወጣ ግን በማርክ ቅርጽና በዩኒኮድ ይውጣ፤ ፒዲኤፍ ከሆነ እያንዳንዱ ቤተ መጻሕፍት እንደገና በእጁ ሊተይበው ነው፣ ስሕተቱም ከዚያው ይጀምራል።

ከአክብሮት ጋር፣
የካታሎግ ባለሙያዎች